የዳኛው መብራት

ወንድሜ መስታወት ቆራጭ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። ሌላ ሙያ ቢኖረው ኖሮ፣ እንጨት ሠሪ ወይም ቀለም ቀቢ ቢሆን፣ ዳኛው በሰላም ውሎ በሰላም ያድር ነበር።

ዳኛው እንሽላሊት ነው። ክንድ የሚያህል፣ አሸዋ መልክ፣ አገጩ ሥር እሾህ የመሰለ ጺም ያበቀለ እንሽላሊት። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ከላይ እስከ ታች ሲገላምጠኝ ፍርድ ቤት ደጅ የጠናሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ መልስ አይሰጥም፣ ነገ ተመለሱ የሚል ፊት ያሳያል።

ያመጣችው የወንድሜ ልጅ ናት። የወንድሜ ልጅ ልበላት እንጂ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሷ ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ሞተችባት። ወንድሜ በዚያው ሰሞን በፎጣ ጠቅልሎ አመጣና፣ "እትዬ፣ እስክቋቋም ለትንሽ ጊዜ ያዢልኝ" ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ የፎቅ መስኮት ሊገጥም ከከተማ ከተማ ሲዞር ትንሽ ጊዜው ረዘመ። ልጅቷ አልተራበችም፣ አልታረዘችም፤ ልብሱንም መጫወቻውንም ይልክ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ እዚህ አልነበረም። ተመልሶ ከቤቴ ጎን ባለው ክፍል ሱቁን ሲከፍት እሷ መድኃኒት ቀማሚ ሆና የራሷን ቤት ተከራይታ ነበር። እኔን እቴቴ ትለኛለች፤ ትነጫነጭብኛለች፣ ከድስቴ ላይ ታነሣለች። እሱን ጋሼ ትለዋለች። ሲገባ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ይቀመጡ፣ ትለዋለች። እንዲህ ያለው አክብሮት ከስድብ ይብሳል።

መሥሪያ ቤቷ ራቅ ወዳለ ቦታ ለሥልጠና ሲልካት የተከራየችውን ቤት ለቀቀች፤ እንሽላሊቷን የምታስቀምጥበት ጠፋት። መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። እሱ በአንዱ በር ከገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ አልኳት። ቤቴ አንድ በር ብቻ እንዳለው ብታውቅም እንዳልቀለድኩ ገባት። ያን ጊዜ ነው ወደ ወንድሜ ሱቅ ተሻግራ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ቢይዙልኝስ? አደራ" ያለችው።

ወንድሜ የያዘውን መቁረጫ አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ የጠየቀችው ነገር አልነበረም። አሁን ነፍስ ያለው ነገር አደራ ስትለው ፊቱ ላይ የመጣውን አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ደስታ ነበር። ይህ እንሽላሊት ከሞተበት ሁለተኛ አደራ እንደማይኖር እኔም እሱም አውቀናል።

ዳኛው የመጣው በአሮጌ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ነው። ጎኑ የተጫረ፣ አንዱ ጥጉ በፕላስተር የተያያዘ፣ ከላይ በሽቦ ወንፊት የተከደነ ገንዳ። ወንፊቱ ላይ ሁለት መብራት ተቀምጧል፤ አንዱ ክብ አምፖል፣ ሌላው ረጅም ነጭ ቱቦ። ልጅቷ አስረዳችው። አምፖሉ ድንጋዩን ያሞቃል፤ ቱቦው የፀሐይን ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱም ጠዋት ይበራሉ፣ ሲመሽ ይጠፋሉ። ወንፊቱስ ለምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። አየር እንዲገባ ነው አለችው። መኪና ቆሞ እየጠበቃት ነበር፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

መኪናው ገና ከመንገዱ ሳይታጠፍ ወንድሜ ገንዳውን በዓይኑ እየለካ ነበር። የልጁ አደራ በተጫረ መስታወትና በሽቦ ወንፊት፣ ያውም በመስታወት ቆራጭ ቤት፣ ይህ አልዋጥልህ አለው። ደንበኞቹን ነገ ተነገ ወዲያ እያለ ዳኛውን ቤት ሠራለት። ቤት ስል ቤት ነው። ጠርዙ ሁሉ በእጅ የተሞረደ፣ ጣት ቢያልፍበት የማይጭር፤ በሩ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፤ መገጣጠሚያውን የሚያጣብቀው ሲሊኮን ሙጫ ከፀጉር የቀጠነ። ለአየሩ በሁለቱ ጎን ረድፍ ረድፍ ቀዳዳ በሳ። አየሩ በጎን ከገባ ወንፊት ምን ያደርጋል? ክዳኑን ካለው መስታወት ሁሉ ከንጹሑ ቆርጦ ገጠመው፣ ሁለቱን መብራት ከክዳኑ በላይ አስቀመጠ። የመብራቱ ገመድ እንስሳውን እንዳይነካው፣ አሸዋውም አምፖሉን እንዳያቆሽሸው አስቦ ነው። ሲጨርስ በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ጠራኝ። አበራው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ ክዳን መኖሩ ራሱ አይታወቅም።

"አየሽ፣ እትዬ፣" አለኝ፣ "ጥሩ መስታወት ማለት ይኼ ነው። የለም።"

መጀመሪያ ላይ ዳኛውን ተስማማው። ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፣ ቅጠሉን ይበላል፣ ፌንጣ ሲጣልለት ዘሎ ቀጭ ያደርጋል። ወንድሜ ከሱቁ ጀርባ ባለው ሣር ውስጥ ፌንጣ ፍለጋ በጉልበቱ ሲድህ አየሁት፤ ወገቤን እያለ አንድ ባልዲ ውኃ አንሥቶልኝ የማያውቅ ሰው። ልጅቷ በየሳምንቱ በቪዲዮ ትደውላለች። ድሮ የምትደውለው ለእኔ ነበር፤ አሁን ስልኩ የሚጮኸው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። የሚያወሩት ስለ እንሽላሊቱ ብቻ ነው፤ ግን ያወራሉ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ ሳቁን እሰማለሁ። ቀናች ብትሉኝ አልጣላችሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዳኛው ከድንጋዩ መውረድ ተወ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ድንጋዩ መውጣት አቃተው። ሆዱን አሸዋው ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ የፊት እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ፌንጣው አፍንጫው ሥር ሲዘል በዓይኑ ይከተለዋል፣ አፉን ይከፍታል፣ አፉ ግን ገጥሞ አይነክስለትም።

ወንድሜ ብርሃን አንሶት ነው ብሎ ደመደመ። በዚህ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መድኃኒቱን ነው። አንድ መብራት ሻጭ ዘንድ ሲሄድ እኔንም አስከተለኝ፤ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ቀለም እለይለታለሁ ብሎ። መብራት ሻጩ ለሳሎን ነው ወይስ ለመኝታ ቤት ብሎ ጠየቀን። ለእንሽላሊት ነው አለው ወንድሜ። ነጋዴ ነውና ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ ለእንሽላሊት የሚሆን ሞልቷል አለ። ሞቅ ያለ ቢጫ አሳየን፣ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ አሳየን፣ ሰማያዊም አሳየን። አንዱን አብርቶ አጥፍቶ፣ ሌላውን አብርቶ አጥፍቶ፣ ዓይናችን ሲደነግዝ "የቀን ብርሃን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ላይ ፀሐይ ተሥላለች፣ ያውም የምትስቅ። ወንድሜ እሷን ሲያይ አበቃለት። ስንት ተቋራጭ አታልሎት የማያውቅ ሰው የካርቶን ፀሐይ ሸወደችው።

የቀን ብርሃኑን ከክዳኑ በላይ ሰቀለ። ለውጥ ሲያጣ ነጩን ጨመረ። ነጩ አልበቃ ሲል ሌላ ነጭ አመጣ። ለማታ ደግሞ ቀይ አምፖል ገጥሞ ነበር፤ ዳኛው ዓይኑን ሳይከድን እንደሚያነጋ ሲያይ ነቀለው። መጨረሻ ላይ ሱቁ ከውጭ ሲታይ ወርቅ ቤት መሰለ። አላፊ አግዳሚው መስኮቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ ያያል። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል ዳኛው እንደ ረጠበ ጨርቅ ተነጥፏል።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አልነገራትም። ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ ዳኛውን አንሥቶ ድንጋዩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ስልኩን ደህና በሚመስልበት በኩል ይይዛል። እንዴት ነው ስትለው፣ ደህና ነው፣ ይላታል። የሆዱ መንጠፍ እንዳይታይ ከቁርጥራጭ ጨርቆቼ ውስጥ የድንጋይ መልክ ያለው መርጬ ከሥሩ የምትገባ ትንሽ ትራስ እንድሰፋለት ለመነኝ። ተው ንገራት አልኩት።

"ከነገርኳት አበቃ፣ እትዬ" አለኝ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር።

ትራሷን ሰፋኋት። አራቱንም ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ክሩ እንዳይታይ አድርጌ ሰፋኋት። ውሸት ከተሠራ አይቀር በደንብ ይሠራ። ልጅቷ በስልክ አይታው፣ ወፍሯል መሰለኝ፣ አለች። ወንድሜ ሳቀ፤ ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አንድ ጠዋት የዳኛው የፊት እግር አብጦ ወደ ውጭ ታጥፎ አገኘው። ያን ጊዜ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የእንስሳት ሐኪም ጠራ። ሐኪሙ ውሻና ላም ነው የማክመው ብሎ ነበር፤ ወንድሜ ደጁ ላይ ተቀምጦ አልነሣ ሲለው መጣ። በዕድሜ ከልጅቷ ብዙም የማይበልጥ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ዳኛውን በጎን በር አውጥቶ መንጋጋውን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና ወደ እኔ አቀረበው። ንኩት አለኝ። አልነካም አልኩ፤ ከዚያ ነካሁት። ላስቲክ ነው።

አጥንቱ መልፈስፈሱን፣ ይህም የሚመጣው ፀሐይ ሲጠፋ መሆኑን ነገረን። ወንድሜ ተቆጣ። ፀሐይ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው፣ ይኸው መብራቱ፣ ይኼኛው የሚያሞቀው፣ ይኼኛው ልጄ ራሷ የሰጠችኝ፣ ይኼኛው የቀን ብርሃን፣ እያለ አንድ በአንድ አሳየው። ሐኪሙ ከእነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት የልጅቷ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ለሰው ዓይን የተሠሩ ናቸው አለ። ቱቦውን አየ፤ ትክክለኛው ነው አለ። ግራ ገብቶት ጠየቀ።

"በመብራቱና በእንስሳው መካከል ምን አለ?"

"ምንም" አለ ወንድሜ።

ሐኪሙ እጁን ከመብራቱ ሥር ወደ ታች ሲሰድ ጣቱ ክዳኑ ላይ ጧ አለ። እጁን መልሶ ጣቱን እያሸ፣ ይኼስ ምንድን ነው አለ።

"መስታወት ነዋ።"

ሐኪሙ ዳኛውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ "አባት፣ ልጅ አሳድገዋል?" አለው። ወንድሜ ልጅ አለኝ አለ። "ታዲያ ሕፃን ፀሐይ ሲያሞቁ በመስኮት በኩል ነው?"

ብርሃኑ በመስታወት ያልፋል፣ አጥንት የሚያጠነክረው ዓይን የማያየው ጨረር ግን እዚያው መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ይህንን ለማስረዳት ነበር ጥያቄው። ክፉ ነገር አላሰበም። እሱ እንደሚያውቀው ይህን የማያውቅ ወላጅ የለም። እኔ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያ በወረፋ ከተቀመጥን ሴቶች ሁሉ አስቀድማ ነርሷ እኔን ነበር የተናገረችኝ፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ልጅቷን በተዘጋ መስኮት ሥር እያስተኛሁ ፀሐይ አሞቃታለሁ ስላት፣ ውጭ አውጫት፣ በመስታወት የገባ ፀሐይ ለአጥንት አይቆጠርም አለችኝ። ያንን ክዳን ስንት ወር ሳየው ነርሷ አንድ ቀን ትዝ አላለችኝም። እንሽላሊትና ሕፃን በአንድ ሐሳብ ውስጥ አይገቡልኝም ነበር።

ወንድሜ እኔን አየ፣ ክዳኑን አየ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ። ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ገባኝ፤ ወንድሜንም ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አዝኜለት አላውቅም።

ሐኪሙ ከምግቡ ጋር የሚነሰነስ የካልሲየም ዱቄት አዘዘ፤ መብራቱን ከወንፊት በላይ መልሱት፣ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውጭ አውጡት አለ። ይድናል ወይ ስንለው አላውቅም አለ። ቢድንም የታጠፈው እንደ ታጠፈ ይቀራል።

ያን ዕለት ወንድሜ ክዳኑን በመቁረጫው ጫፍ እየፈለቀቀ አነሣው። የሽቦ ወንፊት ቆርጦ በእንጨት ወጥሮ ገጠመ። ወንፊቱ ጠማማ ነው፣ ሚስማሩ ወጥቷል፤ ከእጁ ሲወጣ ያየሁት የመጀመሪያው አስቀያሚ ሥራ ነው። የምትስቀዋን ፀሐይ ከነካርቶኗ አወጣት። ከዚያ ስፌት መኪናዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"እትዬ፣ እንዴት ነበር የምታደርጊው?"

ምኑን አልኩት።

"እሷን። ፀሐይ ስታሞቂ።"

ነገርኩት። የጠዋቷ ፀሐይ ነች፤ ከቀትር በፊት። ግድግዳ ከለላ አድርገህ ትቀመጣለህ፣ ነፋስ እንዳይመታት። መጀመሪያ ጀርባዋን፣ ቀጥሎ ደረቷን፤ ጭንቅላቷ ላይ እጅህን ጥላ ታደርግላታለህ። የደንበኛ ልክ እንደሚቀበል ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

"ታለቅስ ነበር?"

"አታለቅስም። ትተኛለች።"

በማግሥቱ ሱቁ ደጃፍ ያለችው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ዳኛው ደረቱ ላይ ተለጥፏል። እጁን ከዳኛው ራስ በላይ ዘርግቷል። እንሽላሊት የራስ ጥላ አይፈልግም አልኩት። እጁን አላነሣም። የመስኮት መስታወት ላስቆርጥ ብሎ የመጣ ደንበኛ ቆሞ ጠብቆ ጠብቆ፣ ሰውየው አመመው እንዴ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ልጅ ይዟል አልኩት።

እንዲህ ሲያደርግ ጥቂት ጠዋቶች አለፉ፤ ዳኛው አልዳነም፣ አልሞተምም። ከዚያ ወንድሜ እዚያው አግዳሚ ላይ እንዳለ ስልኩ ከቀጠሮው ቀን ቀድሞ ጮኸ። ድንጋዩ የለ፣ ትራሷ የለች። በተከፈተው የቤቴ በር አሻግሮ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ስፌቴ ላይ ተከልኩ። የሚሰፋ ነገር አልቀረኝም ነበር።

አነሣው። ዳኛው ምን ሆነ አለችው ገና ሲያነሣ። ነገራት። ክዳኑን፣ አምፖሎቹን፣ ደህና ነው ያላትን ሁሉ፣ ትራሷን ሳይቀር ነገራት፤ ማን እንደሰፋት ግን አላነሣም።  እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

"ስለማላውቅ ነው" አለ ወንድሜ። "መስታወት እንደሚከለክል የሚያውቀው ሕፃን ፀሐይ ያሞቀ ሰው ነው። እኔ አንቺን አላሞቅኩሽም።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለች።

ከዚህ በኋላ የምትለውን ፈርቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። እሱ ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። የሚሰጡትን ሊቀበል የተዘጋጀ ሰው ነበር።

"አሁን እሱን ያሙቁት" አለችው። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ስልኩን አይዝጉት። ልየው።"

ስልኩን አግዳሚው ጫፍ ላይ በግድግዳው አስደግፎ አቆመው። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትርቅ ድረስ ሦስቱም እንደዚያው ቆዩ።

ዳኛው ቀስ በቀስ አንሠራራ። አንድ ቀን የወንድሜን ጣት ነከሰ፤ ወንድሜ ጣቱን ለእኔ ለማሳየት እየሮጠ መጣ። መንጋጋው ግን በአንድ በኩል እንደተጣመመ ቀርቷል፤ የፊት እግሩም ወደ ውጭ ስለዞረ ሲራመድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ይመስላል።

ልጅቷ ከሥልጠናዋ የተመለሰች ዕለት ወንድሜ ዳኛውን የምትወስድበትን ካርቶን ለአየር በስቶ፣ ውስጡን በጨርቅ አልብሶ ጠብቋታል። ዳኛውን ከነካርቶኑ ይዞ አግዳሚው ላይ እንደ ተከሳሽ ተቀምጧል። ሻንጣዋን መንገድ ላይ ትታ መጣች። ዳኛውን አነሣችው፤ የታጠፈውን እግር በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ወንድሜ ቦታ ሊለቅላት ሲነሣ ትከሻውን ይዛ መለሰችው።

"ትንሽ ጠጋ ይበሉ" አለችው። ጠጋ አለላት። አጠገቡ ተቀምጣ ዳኛውን ደረቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችለት። አዲስ ቤት ገና እየፈለገች መሆኑን ነገረችው። "እስካገኝ ለትንሽ ጊዜ ይያዙልኝ።"

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ቃል፣ በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣት ዕለት የተናገረውን፣ እኔና እሱ እናውቀዋለን።

ይህን ሁሉ ያየሁት ከስፌት መኪናዬ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። መስኮቱን የገጠመልኝ ወንድሜ ነው፤ ጥሩ መስታወት ነው፣ ያለ አይመስልም። የጀመርኩትን ሱሪ እዚያው ተውኩትና ወንበሬን ይዤ ወጣሁ።